ጥቁሩ ፍሬን

ቴሳ የፍሬኑን እጀታ ሳበችው፤ አልያዘም። እጀታው ልስልስ ብሎ መጥቶ ከመሪው ጋር ተገናኘ። ቁልቁለቱ ግን ገና አላለቀም። ከፊቷ የዛፍ ሥር እንደ ደረጃ የተደረደረበት መታጠፊያ አለ፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ገደል ነው። ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። ብስክሌቷን ወደ ግራ ጥላ፣ እሷም አብራ ተጥላ፣ የዱር እንጆሪ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች።

ከኋላዋ ይወርድ የነበረው ሉስየን ጋኞን ብስክሌቱን ወርውሮ ሲደርስ ቴሳ በጀርባዋ ተንጋላ ትስቃለች። የፍሬው ጭማቂ ጉንጯን አልብሶታል። ሉስየን ደም መስሎት በጉልበቱ ተንበረከከ።

«ደም አይደለም» አለችው። «ካላመንክ ቅመሰው።»

አልሳቀም። መጀመሪያ የገረማት ይሄ ነው፤ ሉስየን ለሳቅ ምክንያት የሚፈልግ ሰው አልነበረም። አንገቷን፣ ክንዷን፣ ጉልበቷን ዳስሶ ደህና መሆኗን ሲያውቅ ወደ ብስክሌቷ ዞረ። የፊተኛውን ጎማ የፍሬን ዲስክ በጣቱ ጫፍ ሊነካው ሲል ሙቀቱ መለሰው። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አካባቢውን ሞልቶታል።

«ይሄን ፍሬን ማን ነካው?»

«እኔ። ባለፈው ሰሞን ዘይት ጨመርኩበት።»

«የትኛውን ዘይት?»

«ጋራዥ ውስጥ የነበረውን።»

«ቴሳ፣ የትኛውን ዘይት? ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?»

ፊቱ አመድ መስሏል። ወድቃ ሲያያት ያልደነገጠውን ያህል ለአንድ ጠርሙስ ዘይት ደነገጠ።

«ቀዩን ነዋ። አንተው ራስህ የሰጠኸኝን። ምን ሆነሃል?»

ሉስየን ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «እንግዲያው ሙቀቱ ነው። ይሄ ፍሬን ለዚህ ቁልቁለት አቅም የለውም። ሳይቀየር የቅዳሜውን ውድድር አትወርጂም።»

ከዚያ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ከተማ ቀደማት። ቴሳ ከኋላው እየተከተለች ጀርባውን ስታይ፣ የምታውቀው ሰው ጀርባ አልመስል አላት።

*

በእኛ ተራራማ ከተማ በሮስላንድ የሃርግሬቭ ልጅና የጋኞን ልጅ ተፋቀሩ ቢባል የሚያምን አይገኝም ነበር። ድሮ ሁለቱ ቤተሰቦች እሑድ እሑድ በአንድ ገበታ ይበሉ ነበር። የቴሳ ታላቅ ወንድም ኮሊን ያደገው በሉስየን አባት፣ በፈረንሳይኛው ወግ «ሙሴ» በምንላቸው በማርሴል የብስክሌት ሱቅ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በየዓመቱ በረዶ ሊገባ ሲል የሚደረገው የቁልቁለት ውድድር መጣ። ሙሴ ማርሴል በዚያው ሳምንት የኮሊንን ፍሬን አድሰውለት ነበር። መንገዱ እኩሌታ ላይ ፍሬኑ ከዳው፤ የልጁ እግር ደቀቀ።

እናቱ ወይዘሮ ዶሪን በዳቦ ቤታቸው ደጃፍ ቆመው፣ ከተማው እየሰማ፣ «የልጄን እግር የበላው የማርሴል እጅ ነው» አሉ። ሙሴ ማርሴል አልተከራከሩም። ሱቃቸውን ዘግተው ከተራራው ሥር ያለው የማዕድን ማቅለጫ ፋብሪካ ተቀጠሩ። እኛም እንደ ከተማ ያዘንነው ለእናትየዋ ነው። ሙሴ ማርሴልን ሰላም ማለት የተውን አለን። ኮሊን ሲሻለው እያነከሰ ከተራራው ማዶ ካለችው ከተማ ካልጋሪ ገባ፣ እዚያው አገባ። ሱቁን ከብዙ ዓመት በኋላ መልሶ የከፈተው ሉስየን ነው።

ሁለቱ የተገናኙት ዘንድሮ በረዶው ሲቀልጥ፣ በክረምቱ የወደቁ ዛፎችን ከመንገዱ ለማንሳት ወጣቶች በወጡበት ቀን ነው። ሁለት ሰው በሚስበው ረጅም መጋዝ ዳርና ዳር ተመደቡ። «አትግፊ» አላት ሉስየን፤ «እኔ ስስብ አንቺ ልቀቂ፣ አንቺ ስትስቢ እኔ እለቃለሁ።» ግንዱ ከመቆረጡ በፊት ሁለቱም መሳሳቅ ጀምረው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጫካው ይገናኛሉ። ከተማ ውስጥ ሲተላለፉ ግን እንደ ማንም ሰው አንገት ነቅንቀው ነው።

ቅዳሜ ቴሳ የምትወርደው ወንድሟ በወደቀበት ውድድር ላይ ነው። ከቤተሰቧ ማንም ያን መንገድ ዳግም አልረገጠውም። እሷ ግን ቦታውን በመንኮራኩር አልፋው ከሆዷ ልታወጣው ፈለገች።

*

ማክሰኞ ከሰዓት ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ሉስየን ባንኮኒው ላይ ሁለት ፍሬን ዘርግቶ ጠበቃት። አንዱ ብርማ፣ አንዱ ጥቁር ነው።

«የድሮው ፍሬንሽ በየጎማው ሸራውን የሚገፋ ሁለት ፒስተን ነው ያለው» አላት። «እነዚህ አራት አራት አላቸው። ሸራቸው ይረዝማል፤ ዲስኩን በሰፊው ይነክሱታል። ዲስኩንም እናሳድገዋለን። ሰፊ ዲስክ ሙቀቱን ቶሎ ይበትናል፣ ትንሽ ስትስቢው ብዙ ይይዝልሻል።»

«ከፊትም ከኋላም ትልቁን።»

«ከፊት እሺ። ከኋላ ግን የብስክሌትሽ አካል የሚቀበለው መካከለኛውን ነው፤ ትልቁ ብረቱን ይገጨዋል። ደሞ ከኋላ ብዙ ጉልበት ምን ያደርግልሻል? ጎማው ይቆለፍና ያንሸራትትሻል።»

«ሸራውስ?»

«ለስላሳው ጸጥ ያለ ነው፣ ግን ቁልቁለቱ ያቃጥለዋል። የብረት ቅልቅሉን ውሰጂ። ጠዋት ብርድ ላይ እንደ አህያ ይጮኻል። ሲሞቅ ግን አይከዳም።»

«እንደ አንዳንድ ሰው» አለች ቴሳ።

ፈገግ አለ። እሷም ከቁጥቋጦው ወዲህ ያደረባት ቅሬታ ረገብ አለላት። ሁለቱን እጀታዎች ተራ በተራ ጨብጣ ሞከረች። ጥቁሩ መዳፏ ውስጥ ልክክ አለ።

«ጓደኛዬ ፔጅ ብስክሌት ላይ ያለው ይሄ አይደል? ሞክሬዋለሁ፣ በአንድ ጣት ነው የሚያቆመው። ጥቁሩን ግጠምልኝ።»

«ብርማው ይሻልሻል።»

«ለምን?»

«በቃ ይሻላል።»

«ለሸራው ያን ሁሉ ምክንያት የደረደርክ ሰውዬ፣ ለዚህ በቃ ብቻ?»

ሉስየን ጥቁሩን ፍሬን ከእጇ ወሰደው። «የሚወስደው ዘይት ሌላ ነው። የመኪና ፍሬን ዘይት ዓይነት። ቤትሽ ያለው ቀዩ ነው።»

«እና ሌላውን እገዛለኋ። ይሄም ምክንያት ሆነና?»

«አልገጥምልሽም።»

ይህን ሲል አልጮኸም። ግን ጥቁሩን ፍሬን ባንኮኒው ሥር አስገብቶ መሳቢያውን በጉልበቱ ገፋው።

«ለፔጅ ገጥመህላታል» አለች ቴሳ ቀስ ብላ።

«ፔጅ አንቺ አይደለችም።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ቃል ልቧን በሞላው ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ነገር ከጀርባው የቆመ መሰላት። በዚህ መሃል የእሱ ስልክ ጠራ። ሉስየን ማን እንደሆነ አየና ስልኩን በደረቱ ሸፍኖ በጓሮ በር ወጣ። በሩ ግጥም አላለም።

«አይ፣ አታውቅም» ሲል ሰማችው። ዝምታ። «በፍጹም። ከዚህ በላይ ፊቷን እያየሁ መዋሸት አልችልም።»

ሲመለስ ቴሳ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች።

«ማነው?»

«ዕቃ የሚያመጣልኝ ሰውዬ።»

ዕቃ የሚያመጣለት ሰውዬ ኤርል ነው። ኤርል ደግሞ በዚያች ደቂቃ ከመንገዱ ማዶ መኪናው ላይ ተደግፎ በሁለት እጁ ሳንድዊች ይዞ ይበላል። ቴሳ ኤርልን አየችው፤ ሉስየንንም አየችው። በሩን ከፍታ ወጣች። 

*

ወይዘሮ ዶሪን ሊጥ እያሹ ነበር። ልጃቸው ስትገባ ቀና አላሉም።

«ጎማ ጎማ ትሸቻለሽ። ከማርሴል ልጅ ጋር ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ቴሳ መካድ እንደማይረባ ገባት። «በረዶው ከቀለጠ ጀምሮ።»

እናት ሊጡን ገለበጡት። «እኔ እሱን ልጅ ጠልቼው አላውቅም። ጠረጴዛዬ ሥር ተኝቶ አድጓል። የፈራሁት ያባቱን እጅ ነው። ፍሬንሽንም እሱ ሊገጥም ነው?»

«አንደኛውን አልገጥምም አለ።»

«ምክንያቱስ?»

«አልተናገረም። ስልክ ሲያወራም... ይዋሸኛል፣ እማ።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ልጄ።» እጃቸውን ጠረጉ። «ኮሊንን ይዘን ሆስፒታል ስንሮጥ፣ ማርሴል ብስክሌቱን ከጫካው አውጥቶ ቤቱ ወሰደው። መልስ ብዬው አልመለሰም። ንጹሕ ሰው የተሰባበረ ብስክሌት ምን ይሠራለታል? ልጁ የአባቱን ጉድ ያውቃል። አልገጥምም ያለሽም ለዚህ ነው።»

ቴሳ ያን ቀን የምግብ ጣዕም አላወቀችም። ሉስየን ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳችም። ከመጋዙ ቀን ጀምሮ የነገራትን እያንዳንዱን ቃል አንድ በአንድ እያወጣች ገለበጠችው፤ ሁሉም ከሥሩ ሌላ ነገር ያለበት መሰላት። እሷን የቀረባት ወዶ ነው? ወይስ የአባቱን በደል በፍቅር ሊያስረሳ? የምትወደውን ሰው መጠርጠር ከመጥላት ይከፋል፤ የሚጠላ ሰው ቢያንስ ቁርጡን ያውቃል።

*

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሙሴ ማርሴል ቤት ወጣች። ሽማግሌው የተፈለጠ እንጨት ለክረምት ይደረድራሉ። ሲያዩዋት ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ትንሿ» አሉ። በልጅነቷ የሚጠሯት እንደዚህ ነበር። «ደግሞ እንዴት አድገሻል።»

ቴሳ ግን ከኋላቸው ያለው የዕቃ ቤት በር ክፍት መሆኑን አይታ ነበር። ከጣሪያው ላይ የኮሊን ቢጫ ብስክሌት ተንጠልጥሏል። የፊት ጎማው የለም። ፍሬኑም የለም።

«ፍሬኑ የት ሄደ?»

ሙሴ ማርሴል የያዙትን እንጨት አስቀመጡ። «ጣልኩት።»

«ብስክሌቱን ይህን ሁሉ ዘመን አስቀምጠው ፍሬኑን ብቻ ጣሉት?»

«እናትሽ የምትለውን ትሰሚያለሽ። እኔም አልካድኩም። ሌላ ምን ልበልሽ?»

«እውነቱን ይንገሩኝ።»

«እውነት አንዳንዴ የሚያሳርፈው ተናጋሪውን ብቻ ነው፣ ትንሿ።»

የሉስየን መኪና አቀበቱን ወጥታ ቆመች። ቴሳ እስኪቀርባት አልጠበቀችም።

«ዕቃ የሚያመጣልህ ሰውዬ እንዴት ነው? ደህና ነው?»

«ቴሳ፣ ስሚኝ...»

«ስሰማህ ነው የከረምኩት። ፊቷን እያየሁ መዋሸት አልችልም ያልከው ለማን ነው? ሌላ ሴት ካለችም ንገረኝ። አባትህ ያደረጉት ነገር ካለም ንገረኝ። እኔ ሁለቱንም እችላለሁ። የማልችለው እንደ ሞኝ መታየት ነው።»

ሉስየን ወደ አባቱ ዞረ። ሙሴ ማርሴል አይሆንም ሲሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቃል ሰጥተኸኛል።»

«ሰጥቻለሁ አባ። ግን እያት። ከእንግዲህ የማላውቃት ሴት ልትሆን ነው።»

ስልኩን አወጣ፣ ደወለ፣ አቀበላት። «ራስሽ ስሚ። እኔ አልናገርም፣ ቃሌንም አላፈርስም።»

ስልኩ ብዙ አልጠራም። «ሉስየን? ነገርካት እንዴ?» አለ ከወዲያ ያለው ድምፅ።

 ቴሳ ድምፁን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በልጅነቷ የብስክሌት ኮርቻዋን ይዞ ከኋላ እየሮጠ «አለሁ፣ አለሁ» ይላት የነበረው ድምፅ ነው።

«ኮሊን» አለች። «ምንድነው የሚነግረኝ?»

ካልጋሪ ያለው ቤት ውስጥ የሕፃን ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ በር ተዘጋና ጸጥ አለ።

«ፍሬኑ ደህና ነበር፣ ቴስ» አለ ኮሊን። «ማርሴል በደንብ አድሰውት ነበር። በዋዜማው እጀታው የላላ መሰለኝ። ሱቁ ተዘግቷል፣ እኔ ደሞ መጠበቅ አልወድም። የአባባ መኪና ፍሬን ዘይት ጋራዥ ውስጥ ነበር። ዘይት ዘይት ነው ብዬ ጨመርኩበት። ለካ የዚያ ፍሬን ጎሚኒ፣ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው ላስቲክ፣ ያን ዘይት አይችልም፤ አብጦ ተበላ። ማርሴል ሲፈቱት ገባቸው። ሆስፒታል መጥተው ጠየቁኝ። ለእማ እንዳይነግሯት እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም፤ ያልወደቅኩት እግር ስላልነበረኝ ነው። ሲሻለኝ ራሴ እናገራለሁ አልኩ። ከዚያ ሲቆይ ሲቆይ... መናገሩ ከመውደቁ የባሰ ሆነብኝ።»

 ቴሳ ስልኩን ዝቅ አድርጋ ሽማግሌውን አየች።

«ለምን?»

ሙሴ ማርሴል የእንጨቱ ክምር ላይ ተቀመጡ። «አባታችሁን ከቀበርን ዓመት አልሞላም ነበር። እናትሽ የምትጠላው ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ ካለዚያ ሐዘኑ ራሷን ይበላታል። በልጇ ላይ ከሚሆን በእኔ ይሁን አልኩ። ፍሬኑን የጣልኩት የሚያውቅ ሰው እንዳያየው ነው። ብስክሌቱን ግን መጣል አቃተኝ። እኔ ነኝ የገጣጠምኩለት።»

 ቴሳ ወደ ሉስየን ዞረች፤ እፎይታና ንዴት አንድ ላይ መጡባት።

«አንተ መቼ አወቅህ?»

«ሱቁን ስከፍት። ስምህን ለምን አታጠራም ብዬ አባቴን ስነዘንዘው ነገረኝና አስማለኝ። ከአንቺ ጋር ከሆንን ወዲህ ኮሊንን በየሳምንቱ እለምነዋለሁ። ራሴ ዘይት ጨመርኩበት ስትዪኝ፣ እዚያ ጫካ ውስጥ... ጥቁሩን የከለከልኩሽም ለዚህ ነው። ሁለት ዓይነት ዘይት በቤትሽ ገብቶ እንዲምታታብሽ አልፈለግኩም።»

«እየሳምከኝ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እናቴ አባትህን ስትሰድብ እየሰማህ፣ እኔም አብሬ ስጠላቸው እያየህ።»

«አዎ።»

የምትፈራው በደል አልተገኘም፤ ሽማግሌው ንጹሕ ናቸው። ታዲያ ለምን እንደዚህ እንደሚያማት ማወቅ አቃታት። ስልኩን መለሰችለትና አቀበቱን ብቻዋን ወረደች። ማልቀስ የጀመረችው ማንም በማያያት ቦታ ስትደርስ ነው።

*

ኮሊን እውነቱን ለእናቱ ራሱ ሊነግር ሐሙስ ዕለት ተራራውን አቋርጦ መጣ። ዳቦ ቤቱ በጠራራ ፀሐይ ተዘጋ። ደንበኛው ሁሉ እየመጣ በሩን ገፍቶ ተመለሰ። ወይዘሮ ዶሪን ያን ቀንም፣ በማግስቱ ጠዋትም፣ ከቤት አልወጡም።

ዓርብ ከሰዓት ቴሳ ብስክሌቷን እየገፋች ጋኞን ሱቅ ገባች። ሙሴ ማርሴል ከልጃቸው ጋር ነበሩ። እሷ ሉስየንን አልፋ ሽማግሌው ፊት ቆመች።

«ብርማውን መርጫለሁ» አለቻቸው። «ቤቴ ያለውን ዘይት ስለሚወስድ። እኔም እንደ ወንድሜ ነኝ፣ ሱቅ ቢዘጋ አርፌ አልቀመጥም። ግን እርስዎ ይግጠሙልኝ።»

«እጄ ይህን ሥራ ከተወ ቆየ፣ ትንሿ።»

«የእርስዎን እጅ ነው የምፈልገው።»

ሙሴ ማርሴል እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አሮጌውን ፈቱ፣ ቱቦውን ለኩ፣ ቆረጡ፣ ዘይቱን ሞልተው አየሩን አረፋ በአረፋ አወጡ።   ሲጨርሱ ዲስኩን በንጹሕ ጨርቅ ጠረጉት።

«ሸራውና ዲስኩ ገና አልተዋወቁም» አሏት። «መንገዱ ላይ እየፈጠንሽ ደጋግመሽ ያዢው። ካልተላመዱ ነገ አይታዘዙልሽም።»

ቴሳ ወጥታ መንገዱን ሽቅብ ነዳች። ዞራ ቁልቁል ፈጠነችና ሉስየን ከቆመበት ስትደርስ ያዘችው። ፍሬኑ ጮኸ።

«ዕቃ የሚያመጣልኝ ነው ያልከኝ ጊዜ ምን ተሰማህ?» አለችው።

«አፈርኩ።»

ተመልሳ ወጣች፤ ወረደች፤ ፊቱ ቆመች።

«አባትህን ለማዳን ነው የቀረብከኝ?»

«አይደለም። ከአባቴ ስም ይልቅ አንቺን እንዳላጣ ነበር የምፈራው።»

እንዲህ ስትመላለስ የዳቦ ቤቱ በር ተከፈተ። ወይዘሮ ዶሪን ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ወጡ። መንገዱን ሲሻገሩ ቴሳ ቆማ አሳለፈቻቸው። ማንንም ሳያዩ ሱቁ ገቡ፣ በሩን ዘጉ። ሁለቱ ሰዎች ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ ማናችንም አናውቅም። የምናውቀው፣ ሲወጡ ወይዘሮ ዶሪን ዓይናቸው አብጦ፣ ሙሴ ማርሴል በሩን ቆልፈው እስኪጨርሱ አጠገባቸው ቆመው መጠበቃቸውን፣ ከዚያም ሁለቱ ቀስ እያሉ ኮሊን ወደተቀመጠበት ዳቦ ቤት መግባታቸውን ነው።

ቴሳ እንደገና ወረደች። አሁን ፍሬኑ በአንድ ጣት ያዘ፤ ጩኸቱም ጠፍቷል።

«ከእኔ የምትደብቀው ሌላ ነገር አለ?»

«አለ።»

 ያ ሰንብቶ የነበረው ጥርጣሬ ዳግም ራሱን ቀና አደረገ። «ምን?»

«ነገ እንድትወርጂ አልፈልግም» አለ ሉስየን። «ፍሬኑ ጥሩ ነው፣ አባቴ ነው የገጠመው፣ አንቺም ከብዙዎቻችን የተሻልሽ ነጂ ነሽ። ሁሉን አውቃለሁ። ግን ፈርቻለሁ። ልከለክልሽ ስለማልችል ነው ዝም ያልኩት።»

 ቴሳ ሳምንቱን ሙሉ በሰውየው ላይ ውሸት ስትፈልግ ከርማ ነበር፤ አግኝታለችም። ግን ከውሸቱ ሥር የነበረው ይሄ ፍርሃት ብቻ ነበር። ቂሟ አልለቀቃትም፤ ነገም ከነገ ወዲያም ገና ብዙ ትጠይቀዋለች፤ እሱም ይመልስላታል። አሁን ግን ለማንም፣ ለእናቷ እንኳ ያልነገረችው ነገር ወደ አፏ መጣ።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለችው።

እጁን ዘረጋላት። እሷም ያዘችው፤ የሁለቱም መዳፍ ላብ ነበረው።